ማንኪያውና ሞርታሩ፦ በእንጦጦ ግርጌና በየካ የሴቶች የእጅ ሥራ ታሪክ

(ይህ ጽሑፍ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለሕዝብ ክፍት በነበረ መድረክ በቃል የቀረበ ንግግር ግልባጭ ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ድግግሞሾች ተቀንሰዋል።)



የዛሬውን ርእስ የሰጡኝ የምሕንድስና መምህራን ናቸው። ጥያቄያቸው አጭር ነበር፤ «በምሕንድስናና በእጅ ሙያ የተሰማሩ ሴቶች ለምን ጥቂት ሆኑ? ታሪክ ስለዚህ ምን ይላል?» የሚል። እኔ የታሪክ ሰው ነኝ፤ ስለ ብረት ውፍረትም ሆነ ስለ ኮንክሪት ጥንካሬ የማውቀው የለም። ይሁንና የካ ውስጥ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚባለው ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ በመሆኔ፣ ጥያቄውን ስሰማ አስቀድሞ ትዝ ያለኝ መጽሐፍ ሳይሆን አክስቴ ነበረች።

ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በከተማችን ሲስፋፋ አክስቴ በቀን ሠራተኛነት ተቀጥራ፣ በአያትና በየካ አባዶ አቅጣጫ በሚገኙ የግንባታ ቦታዎች ለአሥራ አንድ ዓመት ያህል ሠርታለች። አሸዋ ትነፋለች፣ ሲሚንቶ ታቦካለች፣ ብሎኬትና ሞርታር ወደ ፎቅ ታመላልሳለች። ዓመታት ባለፉ ቁጥር ግን ግንብ ሲያዘነብል ከግንበኛው ቀድማ የምታይ ዓይን አወጣች። አንድ ቀን የጎረቤታችንን አዲስ አጥር ተመልክታ «ይሄ ግንብ ሆዱ ወጥቷል» አለች። ማንም አላመናትም። በክር ጫፍ ድንጋይ አስራ ቱምቢ ሠራችና አሳየችን፤ መሐሉ ሁለት ጣት ያህል ወጥቶ ነበር።

ሥራ በጀመረች በአራተኛው ዓመት አንድ ወጣት ከገጠር መጥቶ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። ሞርታር ምን ያህል ውሃ እንደሚፈልግ ያሳየችው እሷ ናት። በሁለት ዓመት ውስጥ ልጁ ግንበኛ ሆነ፤ እሷም ሞርታር ታቀብለው ጀመር። «እኔስ?» ብላ ካቦውን በጠየቀችው ጊዜ የመለሰላት እንዲህ ብሎ ነበር፦ «እትዬ፣ አንቺማ ጎበዝ ነሽ። ግን ማንኪያውን አንቺ ከያዝሽው ሞርታሩን ማን ያመጣዋል?»

ካቦው እየቀለደ አልነበረም፤ ክፉ ሰውም እንዳልነበረ አክስቴ ትመሰክራለች። በዚህ ርእስ ላይ ካነበብኋቸው መልሶች ሁሉ ይበልጥ እውነት ያለበት የእርሱ ጥያቄ ይመስለኛል። ዛሬ የማደርገው ይህን ጥያቄ ይዤ ወደ ኋላ፣ ወደ እንጦጦ መውጣት ነው።

ብዙውን ጊዜ ጉዳዩን የምናነሣው ሴቶች ከግንባታውና ከእጅ ሥራው ዓለም የሌሉ ይመስል ነው። ስለዚህም «እንዴት እናምጣቸው?» እንላለን። በአዲስ አበባ ማንኛውም የግንባታ ቦታ አጠገብ ቆሞ ያየ ሰው ግን ሴቶቹ እዚያው እንዳሉ ያውቃል፤ ባሬላ ተሸክመው፣ አናታቸውን በሻሽ አስረው፣ አንዳንዶቹም ልጅ አዝለው። የጎደለው ሰዎቹ አይደሉም። የሚያስፈልገን፣ በአንድ ሥራ ውስጥ በሸክሙና በመሣሪያው መካከል ድንበሩ የት እንደተሰመረ፣ መቼና በማን እንደተሰመረ ማየት ነው።

ከቋንቋችን ልጀምር። በአማርኛ «ሙያ» የሚለው ቃል ሁለት ቤት አለው። «እሱ ባለሙያ ነው» ስንል ቧንቧ የሚዘረጋ፣ መኪና የሚጠግን፣ ሕንፃ የሚነድፍ ሰው ይታየናል። «እሷ ባለሙያ ናት» ስንል ግን አብዛኛው ሰው፣ በተለይ እናቶቻችን፣ የሚረዳው ወጥ ማወቋን፣ እንጀራዋ ዓይን ማውጣቱን፣ ጠላዋ መጣፈጡን ነው። «ሙያ የላትም» ተብላ የተሰደበች ሴት ብየዳ ባለመቻሏ አልተሰደበችም። ቃሉ የሴትን እውቀት አይክድም፤ እንዲያውም ያከብረዋል። ነገር ግን አስቀድሞ ቦታ ሰጥቶታል፤ ቦታውም ማጀት ነው። «ወንድ በችሎት፣ ሴት በማጀት» የሚለው ተረት በግልጽ የሚናገረውን «ሙያ» የሚለው ቃል ዝም ብሎ ይሠራዋል።

አሁን ወደ ኮረብታው እንውጣ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1870ዎቹ መቀመጫቸውን እንጦጦ ላይ ሲያደርጉ የሰፈረው ቤተ መንግሥት ብቻ አልነበረም፤ ሠራዊት፣ መኳንንት፣ ካህናት፣ ነጋዴና አገልጋይ ያለበት ትልቅ ሰፈር ነበር። የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ እቴጌ ጣይቱ ያዘጋጁትን ግብር የንጉሡ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በሰፊው ተርከውታል። የታሪክ ተማሪዎች ይህን ክፍል ስለ ሥልጣን ማሳያነቱ ያነቡታል፤ እኔ ግን ከዓመታት በፊት ስለ ዱቄቱ አስብ ጀመር። ለዚያ ሁሉ ሕዝብ የቀረበው እንጀራ ጤፍ ነበር፤ ጤፉ ደግሞ ዱቄት መሆን ነበረበት። በዚያ ዘመን ዱቄት የሚገኘው ሴት በወፍጮ ድንጋይ ፊት ተንበርክካ መጁን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስትገፋ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ዘውድ ሲጭኑም፣ ሠራዊቱ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ ሲዘምትም ከኋላው የነበረው ይኸው ጉልበት ነው። ስንቅ ያዘጋጁት፣ የተሸከሙትና በየሰፈሩ የጋገሩት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ።

መፍጨት የጉልበት ሥራ ብቻ አይደለም። የወፍጮው ድንጋይ ሲልም መወቀር አለበት፤ እህሉ ለእንጀራ ወይም ለጠላ መሆኑ ታውቆ ልኩ ይለያል። ይህ እውቀት ነበር። ወደ ታሪካችን ቁልፍ የሚያደርሰን የተከተለው ነገር ነው። የውሃና የሞተር ወፍጮ ሲመጣ ሴትን ከዚያ አድካሚ ሥራ ገላገላት፤ ይህን የሚያናንቅ ሰው ሌሊት ተነሥቶ ፈጭቶ የማያውቅ ነው። መሣሪያውን የሚያስነሣው፣ ቀበቶውን የሚያጠብቀው፣ ድንጋዩን የሚወቅረው፣ ገንዘቡን የሚቀበለው ግን ወንድ ሆነ። ሴቲቱ እህሏን አዝላ ተሰለፈች። ቋንቋችን ለውጡን በአንዲት ቅጥያ መዝግቦታል፤ ትናንት «ፈጪ» የነበረችው ሴት «አስፈጪ» ሆነች። ሥራው መሣሪያ ባገኘ ዕለት ባለቤቱ ተለወጠ።

ይህ የወፍጮ ብቻ ታሪክ ቢሆን ኖሮ እንደ አጋጣሚ በተቆጠረ ነበር። ነገር ግን ልብሱን ተመልከቱ። በደጋው አገር ጥጥ የሚዳምጡት፣ የሚነድፉት፣ በእንዝርት የሚፈትሉት ሴቶች ናቸው፤ ሸማ የሚሠሩት ወንዶች ናቸው። ከዶርዜ መጥተው በእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳና በአካባቢው የሰፈሩት ሸማኔዎችም ይህንኑ ክፍፍል ይዘው መጥተዋል። እንዝርት ከቤት ሥራ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ልጅ ሲያለቅስ ይቀመጣል፣ ቡና ሲፈላ ይነሣል። የሽመናው ዕቃ ግን ጉድጓድ፣ ቋሚ ቦታና ያልተቋረጠ ሰዓት ይፈልጋል። ሸማውን ገበያ ወስዶ የሚሸጠውም መወርወሪያውን የያዘው ነው። አንድ ሸማ ለመሥራት ከፈትሉና ከሽመናው የትኛው የበለጠ ሰዓት እንደሚወስድ አንዲት ፈታይ ብትጠየቅ መልሷን ለመገመት አያስቸግርም፤ «ሸማ ሠሪ» የሚለው ስም ግን የእሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ መመለስ አለበት። «ሴቶች ከእጅ ሙያ የራቁት ሙያው ክብር ስለነበረው ነው፤ ወንዶች ክብሩን ለራሳቸው አደረጉት» የሚሉ አሉ። በአገራችን ታሪክ ይህ አይሠራም። አንጥረኛው፣ ቆዳ ፋቂው፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባሉ ይናቁ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት ስድቡ ጥበቡን ሊያጠፋው ስለደረሰ ነው። በቀጨኔ የሰፈሩትን ባለ እጆች ብትመለከቱ ንቀቱ በወንዱም በሴቲቱም ላይ እኩል የወረደ ነበር። ሆኖም በተናቁት መካከል እንኳ ክፍፍሉ ጸንቷል፤ ወናፉና መዶሻው የወንዱ፣ ሸክላው የሴቲቱ። ሸክላ ሠሪዋ ያለ መንኮራኩር፣ በእጇ ብቻ፣ ምጣድን የሚያህል ሰፊና ስስ ነገር ሳይሰነጠቅ ትተኩሳለች። የትኛው አፈር ከየትኛው ጋር እንደሚቀላቀልና እሳቱ መቼ እንደሚበቃው ታውቃለች። በዛሬው አነጋገር ይህ የቁስ አካል ምሕንድስና ነው፤ የምሕንድስና ባልደረቦቼ ይፈርዱኛል። እንግዲህ ድንበሩን ያሰመረው ክብር አልነበረም ማለት ነው።

(ስለ ድንጋይ ጥበብም አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በየካ ኮረብታ ላይ ዋሻ ሚካኤል የሚባለው ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ ማን እንደጠረበው ግን በስም የሚታወስ የለም። በላሊበላ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት ቤተ አባ ሊባኖስን ያነጸችው የንጉሡ ሚስት መስቀል ክብራ እንደሆነች፣ በአንድ ሌሊትም መላእክት እያገዟት እንደጨረሰችው ትውፊቱ ይናገራል። ተማሪዎቼ «ሴት ስትሠራ ብቻ ነው መልአክ የሚያስፈልገው?» ብለው ስቀው ነበር። መላእክትማ ላሊበላንም አግዘዋል። የሚገርመኝ ሌላ ነው፤ ትውፊታችን ሴት ሕንፃ አሠሪ መሆኗን ያለ ችግር ይቀበላል። የመሮውና የመዶሻው ነገር ሲመጣ ነው ዝም የሚለው።)

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ከተማዋ እንጨት በላች። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ማገዶ በመጥፋቱ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ሁሉ ታስቦ ነበር። ከተማዋን ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው፤ እንጦጦንና የየካን ኮረብቶች የሸፈነው ይህ ዛፍ ሁለት ነገር ይሰጣል፤ አጣናና ማገዶ። አጣናው በመጥረቢያ ተቆርጦ፣ በአህያ ኋላም በመኪና ተጭኖ፣ ቤት መሥሪያና መወጣጫ ሆነ፤ ይህ የወንዶች ንግድ ነበር። ቅጠሉና ጭራሮው ደግሞ ተጠርጎ፣ ተለቅሞ፣ በገመድ ታስሮ በሴት ጀርባ ወረደ።

በልጅነቴ ገና ሳይነጋ ከሰፈራችን ወደ ላይ የሚወጡ እናቶችን ኮቴ እየሰማሁ እነቃ ነበር። ከሰዓት በኋላ አቀርቅረው ሲወርዱ ከሩቅ የሚታየው የሚራመድ ቁጥቋጦ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ያስጠናቸው ጥናቶች እንደመዘገቡት የእነዚህ ሴቶች ሸክም በአማካይ ከ30 ኪሎ ግራም በላይ ነበር፤ ከራሳቸው ክብደት ጋር የሚቀራረብ የተሸከሙም ነበሩ። መንገዱ ቁልቁል ነው፣ ያንሸራትታል፤ የደን ጠባቂ ያገኛት ሴት ሸክሟንም የቀን ገቢዋንም ታጣለች።

እንግዲህ «ሴቶች ለእጅ ሙያ ጉልበት ያንሳቸዋል» የሚለውን መልስ በዚህ ሚዛን እናስቀምጠው። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ ነው፤ አክስቴና ጓደኛዋ በባሬላ ወደ አራተኛ ፎቅ ያወጡታል። የግንበኛው ማንኪያ ግን አንድ ኪሎ አይሞላም። ቱምቢው፣ ውሃ ልኩ፣ ክሩ፣ እርሳሱ፣ ሁሉም ቀላል ናቸው። በግንባታ ቦታ ሥራው በከበደ ቁጥር ክፍያው ያንሳል፤ ክብደቱም የወረደው በሴቶቹ ላይ ነው። በጉልበት የሚያሳብብ ሰው የትኛው ሥራ ጉልበት እንደሚጠይቅ ገልብጦ ነው የሚያየው።

ዘመናዊ ትምህርት ይህን አሮጌ ድንበር ያፈርሰዋል ተብሎ ሊጠበቅ ይችል ነበር። የሆነው ግን ድንበሩ ሕንፃ ማግኘቱ ነው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የተከፈተው የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ለኢትዮጵያ ልጃገረዶች ታላቅ በር ነበር፤ ከዚያ የወጡት ሴቶች በመምህርነት፣ በጤናና በአስተዳደር አገር አገልግለዋል። ይሁን እንጂ በዘመኑ አስተሳሰብ ለሴት ልጅ የሚገባው የእጅ ትምህርት ስፌት፣ ጥልፍና የቤት አያያዝ ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1930ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ደግሞ እንጨት ሥራን፣ ብረታ ብረትን፣ ኤሌክትሪክንና አውቶ መካኒክን ለወንዶች አስተማረ። የስሞቹን ዝምድና ልብ በሉ። በአንዱ የሴቷ እጅ መርፌ ያዘ፤ በሌላው «ተግባረ ዕድ»፣ የእጅ ሥራ ማለት፣ መጋዝና መበየጃ ሆነ። በ1945 ዓ.ም. ገደማ የምሕንድስና ኮሌጅ ሲከፈት ተማሪዎቹ የሚመጡት ሒሳብና ሳይንስ አጥብቀው ከተማሩት ነበር፤ እነዚያ ማን እንደነበሩ አስቀድሞ ተወስኗል።

ሕጉም የራሱን ድርሻ አዋጣ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አደረገው፤ ባል ለሚስቱ አገልጋይ ሊያቆምላት ካልቻለም የቤቱን ሥራ ራሷ እንድትሠራ ደነገገ። ይህ ድንጋጌ በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እስኪተካ አርባ ዓመት ኖሯል። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ዘመናዊ ነን ባዮች እንደነበሩ ሳስብ የካቦው ድምፅ ይሰማኛል። «ሞርታሩን ማን ያመጣዋል?» ለሚለው ጥያቄ የመንግሥት መልስ ያ አንቀጽ ነበር።

ወደ ግንባታው ቦታ ልመለስ፤ ምክንያቱም ትምህርት ቤት ስለሌለበት የሙያ መንገድ በቂ ተነግሮ አያውቅም። ግንበኝነት በአብዛኛው የሚለመደው በክፍል ውስጥ አይደለም። የሥራው ቃላት ራሳቸው መንገዱን ይናገራሉ፦ ፌሮ፣ ፌራዮ፣ ካሳፎርማ፣ ባሬላ፣ ካቦ። ሁሉም ጣሊያንኛ ናቸው። ጣሊያኖቹ መንገድና ሕንፃ በሠሩበት ጊዜ ከወንድ ወደ ወንድ፣ ከአለቃ ወደ ረዳት ተላልፈው እስከ ዛሬ የደረሱት በአፍና በእጅ ነው። ረዳቱ ከግንበኛው ጎን ይቆማል፤ ግንበኛው ሲደክመው ማንኪያውን ያቀብለዋል፤ «በል ይቺን ጨርስ» ይለዋል። ማታ አብረው ይበላሉ፣ አንድ ክፍል ተከራይተው ያድራሉ፤ ነገ ሌላ ሥራ ሲገኝ «የኔ ልጅ ነው» ብሎ ይዞት ይሄዳል። ሙያው ከቀኑ ሥራ ይልቅ በዚያች «ይቺን ጨርስ» እና በማታው አብሮነት ይተላለፋል።

ሴቲቱ በዚያ ሰንሰለት ውስጥ የምትገባበት ቀለበት የለም። ግንበኛው ማንኪያውን ቢያቀብላት ሞርታሩ ይቋረጣል፤ የቀኑ ሥራ በካሬ ሜትር ስለሚለካ የሁሉም ገንዘብ ይቀንሳል። ማታ አብራ ብትቀመጥ ስሟ ይነሣል። ውሃ መቅዳት፣ ልጅ ማጠብ፣ ሊጥ ማቡካት ይጠብቃታል። የሚደፍሯትና የሚያስቸግሯት ወንዶች እንዳሉም አክስቴ ሳትፈልግ፣ በጎን ነው የነገረችኝ፤ ብቻዋን ወደ ላይኛው ፎቅ እንዳትወጣ የሚያስጠነቅቋት ጓደኞች ነበሯት። ማንኪያ መያዝ ግን ወደ ላይኛው ፎቅ መውጣት ነው።

በሠራተኛ ሕጋችን ውስጥ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። አዋጅ ቁጥር 377/1996 ለሴቶች ጤና ጎጂ ወይም እጅግ አድካሚ ተብለው በሚዘረዘሩ ሥራዎች ሴቶችን ማሠራትን ይከለክል ነበር። አሳቡ በጎ ነው። ይሁንና ቀን ተቀጥራ ቀን ለምትከፈል፣ ውል ለሌላት ሴት ይህ ጥበቃ ከወረቀት አልወረደም፤ ድንጋዩን መሸከሟን ማንም አላስቆመም። በአንጻሩ «ለሴት ከባድ ነው» የሚለው አነጋገር ማሽን ለማሽከርከርና ለብየዳ ስታመለክት በር ላይ ይጠብቃታል።

ይህ የእኛ ብቻ ነውር እንዳይመስላችሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለንደን ውስጥ የዋተርሉ ድልድይ ሲሠራ ወንዶቹ ስለዘመቱ አብዛኛውን ሥራ የሠሩት ሴቶች ነበሩ፤ ብየዳውንም ድንጋዩንም። ድልድዩ በ1945 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲመረቅ በመድረኩ ላይ የተመሰገኑት የሠሩት ወንዶች ብቻ ሆኑ። ሴቶቹ ወደ ቤታቸው ተላኩ፤ ታሪኩም በወንዝ ላይ ጀልባ በሚነዱ ሰዎች አፍ «የሴቶቹ ድልድይ» ተብሎ ኖረ። ማንኪያው በእጃቸው የገባው ሌላ የሚይዘው ሰው ስላልነበረ ነው፤ ያዡ ሲመለስ ተወሰደባቸው።

ስለ ዩኒቨርሲቲዎቻችን አላበዛም፤ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ከ1985 ዓ.ም. የሴቶች ፖሊሲ ወዲህ በመግቢያ ነጥብ ልዩ ድጋፍ ተደርጓል፤ በ2000 ዓ.ም. ከተማሪዎች 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገቡ ሲወሰንም ከቀድሞው የበለጡ ልጃገረዶች ወደ ምሕንድስና ገብተዋል። ኅዳር 2008 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሴት ባለሙያዎች ብቻ የተመራ በረራ ወደ ባንኮክ ሲያደርግ ያላለቀሰች የአዲስ አበባ እናት ጥቂት ናት። እኔም አልቅሻለሁ። ነገር ግን ተመርቀው የወጡ ተማሪዎቼ ጓደኞች የሚነግሩኝ ተመሳሳይ ነው፦ «ቢሮ ብትሠሪ አይሻልሽም? ሳይት ያስቸግርሻል።» ንድፍ ሥሪ፣ መጠን አስይ፣ ሪፖርት ጻፊ። መሐንዲሷ ሳይት ካልወጣች ደግሞ ሥራ ተቆጣጣሪነትም፣ ተቋራጭነትም አይደርሳትም። ዲግሪ ይዛ የቆመችበት መስመርና አክስቴ የቆመችበት አንድ ነው፤ የእሷ ጫማ ብቻ ንጹሕ ነው።

ድንበሩ የማይናወጥ እንዳልሆነ ግን ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። አንደኛው ኮብል ስቶን ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የአዲስ አበባ የውስጥ መንገዶች በጥርብ ድንጋይ ሲነጠፉ ብዙ ወጣት ሴቶች መሮና መዶሻ ይዘው ድንጋይ ጠረቡ። የአክስቴ ልጅ አንዷ ናት። ይህ ለምን ሆነ? ሥራው አዲስ ነበርና የበር ጠባቂ ሽማግሌ አልነበረውም። ሥልጠናው አጭርና ለሁሉም ክፍት ነበር። ከሁሉም በላይ ክፍያው በተጠረበው ድንጋይ ቁጥር ነበር፤ ድንጋይ ሲቆጠር ማን እንደጠረበው አይጠየቅም። የአክስቴ ልጅ በእጇ ላይ ያለውን ጠባሳ ስታሳይ የምትናገረው በኩራት ነው። ሥራው ሲቀዘቅዝ ግን ወንዶቹ ጠራቢዎች ወደ ግንብና ወደ ንጣፍ ሥራ ሲሻገሩ እሷን የሚጠራት አልተገኘም። «ይቺን ጨርሺ» የሚላት አልነበረም።

ሁለተኛው በእንጦጦ ግርጌ የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ያቋቋሙት ማኅበር ነው። እነዚያ ጭራሮ ሲያወርዱ የነበሩ እጆች ሽመና ተምረው ዛሬ ነጠላና ሻርፕ ይሠራሉ። እንዝርቱን እንጂ መወርወሪያውን ሳይነኩ ለዘመናት የኖሩ ሴቶች ሸማኔ ሆኑ። ለመማር ወራት በቅቷቸዋል። ከዘመናት ልማድና ከጥቂት ወራት ሥልጠና የትኛው እንደሚከብድ ሳስብ ልማዱ በእውቀት ላይ የቆመ እንዳልነበረ ይታየኛል። ሽመና የተማሩት ደግሞ ማኅበሩ ቦታ፣ ዕቃና ያልተቋረጠ ሰዓት ስለሰጣቸው ነው።

ዛሬ እንጦጦ አናት ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት የጠፈር ምርምር ማዕከል አለ። ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ወደ ሕዋ የተላከችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን መረጃ የምትልከው ወደዚሁ ኮረብታ ነበር። በጠዋት ወደዚያ የሚወጣ መኪና በመንገዱ ዳር ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶችን ያልፋል። ተማሪዎቼን ሁለት ጊዜ ይዤ ወጥቻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ፎቶ ያነሡት ቴሌስኮፑን ነው። አልፈርድባቸውም፤ እኔም የመጀመሪያ ቀን ያነሣሁት እርሱን ነበር።

አንድ ልመና አቅርቤ ላብቃ። የግንባታ ቦታዎች የቀን ሠራተኛ መክፈያ ወረቀቶች ሥራው ሲያልቅ ይጣላሉ፤ የሻይ ማብሰያ ሆነው አይቻለሁ። የዚህ ፋኩልቲ ተማሪዎች ሊሰበስቧቸው ይችላሉ። አክስቴ የራሷን ቅጂ ጥቂቱን በሙዳይ ውስጥ አስቀምጣ ነበር፤ ሰጥታኛለች። በስሟ አንጻር «የሥራው ዓይነት» በሚለው ዓምድ ሁልጊዜ «ጉልበት» ተብሎ ተጽፏል። በአንዱ ሳምንት ላይ ጣቷን አሳርፋ «እዚህ ግንበኛው ታሞ አራት ቀን ግንብ የሠራሁት እኔ ነኝ» አለችኝ። ወረቀቱ ያንንም ሳምንት «ጉልበት» ይላል፤ ክፍያውም ያው ነው።

ባለፈው ዓመት ሕንፃውን አብረን ሄደን አየነው። ሦስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ ያለው ግድግዳ ነው። ቱምቢዋን በቦርሳዋ ይዛ መጥታ ነበር። ግድግዳው ግን ተለስኖ ቀለም ተቀብቷል፤ አንድ ነዋሪም ብስክሌት አስደግፎበታል። አክስቴ ብስክሌቱን ቀስ ብላ ወደ ጎን ፈቀቅ አድርጋ ክሯን አወረደች።

ለጥያቄዎቻችሁ ጊዜ ልተው።